የሐሙሱ ጠረጴዛና የአምብሮዝ ቤት

እነዚህን ደብዳቤዎች የማወጣው በሁለቱም ፈቃድ ነው። እኔ ቬራ እባላለሁ። በጎልዲንግ ኮቭ ፖስታ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ቴምብር ስመታ ኖሬአለሁ፤ የአክስት ፊሎሚናም የአምብሮዝም ዘመድ ነኝ። እዚህ መንደር ዘመድ ያልሆነ ቄሱ ብቻ ነው፣ እሱም ከሌላ ቦታ ስለመጣ። የፖስታ ሠራተኛ የሰው ደብዳቤ አያነብም፤ እኔም አላነበብኩም። ግን አምብሮዝ በካናዳ ሌላኛው ዳር ካለችው ከኤድመንተን በሚልካቸው ፖስታዎች ጀርባ ያለው አድራሻ የመኖሪያ ቤት እንዳልሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። በእኛ አገር ደንብ የሰውን ገመና ማወቅ ይቻላል፣ መናገር ግን አይቻልም።

አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገር። አምብሮዝ ከእነዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲጽፍ ቤት ካጣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። አክስቱ ይህን አታውቅም። እሷም በበኩሏ የደበቀችው ነገር ነበራት።


ኤድመንተን፣ አልበርታ
ኦክቶበር 9 ቀን 2017

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ ፊሎሚና ካሪን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ በዚህ እርጥበት እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሥራውም አለ፣ ቤቱም እንደነገርኩሽ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ ወንዙ የሚታይ። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ እዚያ እቆማለሁ።

ለረጅም ጊዜ ስላልጻፍኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰው ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቦርሳዬ ጠፍቶብኝ መታወቂያዬም አብሮ ሄደ። አዲስ ለማውጣት የልደት ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ለልደት ወረቀቱ ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃሉ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። የጥምቀት ወረቀት ካለኝ ግን ከዚያ መጀመር ይቻላል ብለውኛል። ቄሱን ለምነሽ ከመዝገቡ ብታስገለብጪልኝ?

የምትልኪው በቤቴ አድራሻ ሳይሆን በዶሪን ካርዲናል በኩል ይሁን፤ አድራሻዋን ከታች ጽፌዋለሁ። የሕንጻችን የፖስታ ሳጥን ተሰብሮ ደብዳቤ እየጠፋ ነው። ዶሪን የምታምኛት ሰው ናት።

የአባቴን ቤት አየት አድርጊልኝ። ቅድስት አና ጉልበትሽን ትጠብቅልሽ።

የወንድምሽ ልጅ
አምብሮዝ


ጎልዲንግ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ኦክቶበር 30 ቀን 2017

ለልጄ ለአምብሮዝ፣

እመቤታችን ካለህበት ትጠብቅህ። ደብዳቤህ ሲደርስ ቬራ መደርደሪያው ላይ ልትተወው አልቻለችም፤ በዚያ ንፋስ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ እንኳ ጉንፋን ነው አለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጥምቀት ወረቀት! አንተ ልጅ፣ አክስትህን ሞኝ አደረግካት? ሰው ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶት የጥምቀት ወረቀት የሚፈልገው ለምንድን ነው? ሊያገባ ነዋ! «ዶሪን የምታምኛት ሰው ናት» ይልልኛል ደግሞ። መታወቂያ ጠፋብኝ የሚለውን ለሌላ ሰው ንገር። ዶሪን የማን ልጅ ናት? አባቷ ምን ይሠራል? ዓሣ ትበላለች? ለሰው አልተናገርኩም፤ ለቬራና ለብሬንዳ ብቻ ነው የነገርኩት። ስለዚህ እስከ እሑድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ቄሱ ሰባት መንደር ስለሚያዳርስ ወደ እኛ የሚመጣው በአምስት ሳምንት አንዴ ነው፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ይኸው። የክርስትና አባትህ ስም ላይ ቀለም ፈሷል፣ ግን ይነበባል።

የአባትህ ቤት ምን ይሆናል፣ እንደተውከው ነው። አልጋህም ተነጥፏል። ለማንኛውም የኩሽናህን ፎቶ ላክልኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ። አንድ ወንድ ብቻውን ኩሽናውን እንዴት እንደያዘው ማየት ነው የምፈልገው።

ዘንድሮ ኮድ ዓሣው ጥሩ ነበር። ሽማግሌው ሌናርድ አረፈ፤ ጀልባውን ሦስት ልጆቹ አሁንም እየተጨቃጨቁበት ነው።

አክስትህ
ፊሎሚና


ኤድመንተን
ኖቬምበር 14 ቀን 2017

ለውዷ አክስቴ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ለዶሪን ባነብላት ወንበሯን ይዛ ሳቀች። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ከክሪ ወገን ናት፣ ስድስት የልጅ ልጆች አሏት። የእነሱም አገር ሽማግሌዎች አዲስ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የማን ልጅ ነህ ብለው ነው አለችኝ። «ዓሣ እበላለሁ በላት፣ ግን አላገባህም» ብላሻለች። ስለዚህ ለብሬንዳ ንገሪያት፤ ሠርግ የለም።

ስለ ዶሪን ሥራ ልንገርሽ። እዚህ ከተማ ቤት የሌለው ሰው ብዙ ነው። ዱሮ ሰውየው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት፣ በየቦታው ታሪኩን እንደ አዲስ ሲናገር ይውል ነበር። አሁን ግን ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ መጠለያው፣ ሆስፒታሉ፣ ክሊኒኩ፣ የቤቶች ቢሮው፣ የአከራዮቹ ተወካይ። የስም ዝርዝር አለ። በስም በስም እየጠሩ ለማን ይብሳል፣ የትኛው ቤት ተለቀቀ፣ ማን ይግባ ይባባላሉ። ዶሪን የምትቀመጠው ቤት የሌለው ሰው የሚመገብበትን የቀን ማዕከል ወክላ ነው።

በዝርዝሩ ላይ አንድ ጓደኛ አለኝ። ግራ እግሩ ባለፈው ክረምት በውርጭ ተመትቶ ቁስሉ አልድን ብሏል፤ ስኳርም አለበት። ሐኪሙ ደረቅ ቤት ገብቶ እግሩን ሰቅሎ ካልተኛ ይቆረጣል ብሎታል። በመጠለያው ደግሞ በጠዋት አስነስተው ያስወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። ስሙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከገና በፊት ምድር ቤት አንድ ክፍል ሊደርሰው ይችላል ይላሉ።

እናም አክስቴ፣ ምናልባት ከቤቶች ቢሮው ስልክ ይደወልልሽ ይሆናል፣ ስለ እኔ ለመጠየቅ። አትደንግጪ፤ የወረቀት ነገር ነው። የጠየቁሽን እውነቱን መልሽላቸው።

ፎቶውን እልካለሁ። ካሜራው ተበላሽቶ ነው።

አምብሮዝሽ


ጎልዲንግ ኮቭ
ዲሴምበር 6 ቀን 2017

ለልጄ ለአምብሮዝ፣ የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን።

ተደወለልኝ! ማክሰኞ ዕለት፣ ድንች ስልጥ ነበር። አንዲት ልጅ ናት፤ ዶሪን አይደለችም፣ ድምጿ ገና የልጅ ነው። ከቤቶች ቢሮ ነኝ አለች። የማን ልጅ ነሽ አልኳት። «ይቅርታ?» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች አታውቅም ማለት ነው፣ ምስኪን። ለማንኛውም በጣም ጨዋ ናት።

«አምብሮዝ ካሪን መጥቶ ሊኖርበት የሚችል ቤት አለው ወይ?» አለችኝ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ደሜ ፈላ። «የኔ እመቤት» አልኳት፣ «ስሚኝ። ከካሪን ወገን ቤት አጥቶ የሚያውቅ የለም። አባቱ በገዛ እጁ የሠራው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆሞ ይጠብቀዋል። ምድጃው አለ፣ አልጋው ተነጥፏል፣ በሩ ቁልፍ እንኳ የለውም። ዛሬ ቢመጣ ዛሬ ይገባል። እሱም ባይሆን እኔ አለሁ።» «ለአምብሮዝ ትልቅ ዜና ነው!» አለችኝ። ስትጽፍ ይሰማኛል፤ ጣጣጣ ታደርገዋለች። አመስግናኝ ዘጋች።

ምነው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃሉ? ለጓደኛህ ዋስ ሆነህለት ነው? ከሆነ ደግ አድርገሃል፤ አባትህም እንዲሁ ነበር። ለዋስነት የሚበቃ ስም እንዳለህ አስረድቻቸዋለሁ።

የጓደኛህ እግር ከልቤ አልወጣ ብሏል። ስሙን ላክልኝና በሰባቱም መንደር ጸሎት አስጠራዋለሁ። በፓኬት የረግረግ እንጆሪ ማርማላታ ልኬልሃለሁ፤ ግማሹን ለእሱ ስጠው። መልካም ገና።

ፊሎሚና


ኤድመንተን
ጃንዋሪ 11 ቀን 2018

አክስቴ፣

አንድ ወር ሙሉ ብዕር እያነሳሁ ስጥል ነው የከረምኩት። ሰላምታውንም ለዛሬ ይቅር በይኝ።

ጓደኛ የለኝም። እግሩ የኔ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ የሚባል ቤት ኖሮኝ ያውቃል፤ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲወድቅና የምሠራበት ካምፕ ሲዘጋ ለቀቅሁት። ከዚያ በመኪናዬ ውስጥ ኖርኩ። መኪናው ከሄደ በኋላ በመጠለያ ነው፤ መጠለያው ሲሞላ የትም። የምጽፍልሽ ከዶሪን ማዕከል ምግብ አዳራሽ ነው፤ ቴምብሩንም የምትሰጠኝ እሷ ናት። ፎቶ ያልላክሁት ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም፤ ኩሽና ስለሌለኝ ነው።

ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ምድር ቤት አንድ ክፍል ለእኔ ተመድቦ ነበር። አከራዩ እሺ ብሎ፣ ሆስፒታሉም ነርስ ልኮ እግሬን ሊከታተል ተስማምቶ። ሐሙስ ዕለት በጠረጴዛው ዙሪያ ስሜ ሲጠራ የቤቶች ቢሮዋ ልጅ አንቺ ያልሻትን አነበበች። የራሱ ቤት አለው፣ ሁለት ፎቅ፣ ቤተሰብ ይጠብቀዋል። ደንባቸው ግልጽ ነው፤ መሄጃ ቤት ያለው ሰው ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጥለታል። ልጅቷ ደግ የሠራች መስሏት ደስ ብሏት ነበር አለችኝ ዶሪን። ሆስፒታሉም እፎይ አለ። ዶሪን ብቻዋን ተከራከረች፣ ግን በእጇ ወረቀት አልነበራትም። ክፍሉ በዚያው ጠዋት ሁለት ልጆች ላላት ሴት ተሰጠ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ እንዴት ብዬ እቀየማለሁ?

ትኬቱን አልቀበልም አልኩ። በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል መሄድ አለብኝ፤ ከእኛ መንደር ሆስፒታሉ መንገድ ከተከፈተ የሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ለእነሱ የነገርኳቸው ነው። ለአንቺ ደግሞ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተሸኝቼ ወጥቼ በነጠላ ጫማ እያነከስኩ የጀልባ መቆሚያው ላይ መውረድ አቃተኝ። ያ ሁሉ ሰው ሻይ አፍልቶ ሊቀበለኝ ነው፤ አንድም ሰው ምን ሆንክ አይለኝም። እሱ ነው የሚገድለኝ።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚኝ። በስልክ የተባለው ከዝርዝሩ አወጣኝ፤ የሚመልሰኝ በእጅ የተጻፈና የተፈረመ ቃል ነው። «አምብሮዝ ካሪን እዚህ የሚኖርበት ቤት የለውም» ብለሽ ጻፊላቸው። ፌብሩዋሪ 8 በሚውለው ሐሙስ ስሜ እንደገና ይታያል፤ ከዚያ በፊት ይድረስ። የአባቴ ቤት ለመኖሪያ አይሆንም በይ። ውሸት ቢሆንም እግዚአብሔር ይቅር ይላል። ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎ አያውቅም።

አምብሮዝ


ጎልዲንግ ኮቭ
ጃንዋሪ 30 ቀን 2018

አምብሮዝ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ሁለቱን ቀን መንገዱ ተዘግቶ ነው ልልህ እችላለሁ፤ ሰባቱን ግን እኔው ነኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስሜን እጽፋለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከዚያ እጄ አልሄድ ይላል። ቬራ በየጠዋቱ ትመጣለች፤ ወረቀቱን ታያለች፣ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ። አራት ዓመት! እኔ ያንተን ኩሽና በሐሳቤ ስጠርግ አንተ በመኪና ውስጥ ትተኛለህ? አክስት ምን ታደርጋለች መሰለህ? ባሕር እንደወሰደው ሰው አልቅሼልሃለሁ። እግርህን «የጓደኛዬ» ብለህ ስትጽፍ እንኳ አላወቅኩህም፤ በዚህ ራሴን አልምርም።

ግን እኔስ ማን ሆኜ ነው የምቆጣህ? አሁን እኔም ልናገር። እንድዋሽ የለመንከኝ ነገር ውሸት አይደለም። የአባትህ ቤት የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ኖቬምበር፣ ያ ትልቁ ማዕበል ሲመታን ባሕሩ ከሥሩ ያለውን መሬት በላው። ቤቱ ወደ ውኃው አዘነበለ። ሌሊት ሰው ላይ እንዳይወድቅ ብለው ወንዶቹ በገመድ ስበው ወደ የብሱ ጣሉት፤ ደህናውን ሳንቃ ለየት አድርገው የቀረውን አቃጠሉት። የሌናርድ ልጆች የዶሮ ቤት የሠሩት በዚያ ሳንቃ ነው። ተነጥፏል የምልህ አልጋ እኔ ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው የቆመው።

ልነግርህ አልቻልኩም። ሩቅ አገር ያለ ሰው የሚያስበው ቤት ካጣ ምን ያስባል አልኩ። እያደር ደግሞ ራሴም አመንኩት መሰለኝ። ያቺ ልጅ ስትደውል ውሸት እየተናገርኩ እንደሆነ ትዝ አላለኝም፤ ቤቱ ከነመስኮቱ ፊቴ ቆሞ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ስማችንን ላስከብር ብዬ ያንተን ቤት አስወሰድኩ።

የጠየቅኸኝን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ቬራ በፈጣን ፖስታ ትልከዋለች። አንብበውና አሽገው፤ ሲነበብ ግን እኔ ባልኩት ልክ ይነበብ።

ፊሎሚና

«በሐሙስ ጠረጴዛ ለተቀመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኔ ፊሎሚና ካሪን፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ፣ የአምብሮዝ ካሪን የአባቱ እህት ነኝ። ስልክ ደውላ ለጠየቀችኝ ልጅ የነገርኳት ትክክል አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን አትቆጡብኝ።

አምብሮዝ ቤት የለውም። የአባቱን ቤት ባሕር ወስዶታል። የኔ ቤት አንድ መኝታ ያላትና ደረጃዋ ገደል የሆነ ናት፤ በጋሪ እንጂ በመኪና የማይደረስባት፣ ሆስፒታልም የሌለባት ቦታ ናት። ለሚራመድ ሰው ሁልጊዜ ክፍት ናት፤ ለታመመ እግር ግን አትሆንም።

ይህን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን የፈጀብኝ እዚህ አገር ስለ ሰው እንዲህ ስለማይባል ነው። የኛ ሰው ቤት የለውም ማለት እኛ የለንም ማለት ነው። እኛ ግን አለን። ስለዚህ ቤት የለውም ብላችሁ ከጻፋችሁ በታች፣ የሚጠይቅለት ሰው አለው ብላችሁ ጨምሩበት፤ የስልክ ቁጥሬን ታውቁታላችሁ። ስሙ ሲነሳ ሰው እንደሌለው አድርጋችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።»


ኤድመንተን
118ኛ ጎዳና፣ ምድር ቤት፣ ቁጥር 2
ማርች 19 ቀን 2018

ለማከብርሽ፣ ለምወድሽና ለናፈቅሽኝ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። ከላይ ያለው አድራሻ የኔ ነው። በቀጥታ ጻፊልኝ።

ደብዳቤሽ ፌብሩዋሪ 8 አልደረሰም። የደረሰው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዶሪን ቆማ አነበበችው፤ ካንቺ ቃል አንድም አልዘለለችም። ስትጨርስ የሆስፒታሉ ሴት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። የቤቶች ቢሮዋ ልጅ ደግሞ አለቀሰችና ስሜን በራሷ እጅ መለሰችው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለዘመድ ሲደውሉ የሚጠይቁት ሌላ ሆኗል። ቤት አለው ወይ አይሉም። ዛሬ ማታ እናንተ ጋ ቢመጣ የት ይተኛል፣ ሐኪሙስ ከዚያ ስንት ሰዓት ይርቃል ይላሉ። አከራዩ ማርች 2 ቁልፉን ሰጠኝ።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ፤ መዋሸት ሰልችቶኛል። እግሬን ፌብሩዋሪ 6 ቆረጡት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ። መርዙ ወደ ላይ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ከገና በፊት ደረቅ ቤት ገብተህ ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር አለኝ። ምናልባት ነው ያለው።

ይህን ደብቄሽ ብትሰሚው ይብሳል ብዬ ነው የነገርኩሽ። ማልቀስሽን አውቃለሁ፤ አልቅሺ። ግን ጥፋቱን ሁሉ ብቻሽን አትሸከሚው። ልጅቷ ማንን እንደምትጠይቅ አላወቀችም፣ አንቺም ስለ ማን እንደምትመልሺ አላወቅሽም። ስልክ ይደወልልሻል ብዬ ስጽፍ ያንን ገጽ መሙላት እችል ነበር። «እውነቱን መልሽላቸው» አልኩሽ፤ እውነቱን ግን አልሰጠሁሽም። ተኝቼ ስቆጥረው የኔ ድርሻ ካንቺ ይበልጣል።

ስለ አባቴ ቤት ሁለት ቀን አዘንኩ። ከዚያ የሌናርድ ዶሮዎች በውስጡ መተኛታቸውን ሳስብ ሳቅ መጣብኝ። አባባ ዶሮ አይወድም ነበር።

ነርሷ ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። ሰው ሠራሽ እግሩ ለበጋ ይደርሳል ብለዋል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ማሞቂያው ግን ከሚገባው በላይ ይሠራል። ጎረቤቴ ቬትናማዊ ሽማግሌ ነው፤ ቋንቋ አንግባባም፤ ሁለታችንም በር ከፍተን እንቀመጣለን። በዚህ ፖስታ ውስጥ የኩሽናዬ ፎቶ አለ። ዶሪን ያነሳችው ነው። ምን እንደምትይ አውቃለሁ፤ ድስቱ አንድ ብቻ ነው፣ ፎጣውም ቆሽሿል።

ስሜ ከሐሙሱ ዝርዝር ወጥቷል፤ አሁን እንኳ በደግ ነው የወጣው። ግን ዶሪን አንዳንዴ ስድስት ወር ቆይተው ለዘመድ ይደውላሉ ብላኛለች፣ ሰውየው በቤቱ እንደጸና ለማወቅ። ስለዚህ አክስቴ፣ ያቺ ልጅ እንደገና ደውላ አምብሮዝ ቤት አለው ወይ ብላ ከጠየቀችሽ፣ አለው በያት።

የወንድምሽ ልጅ
አምብሮዝ ካሪን